ሁለተኛው ማግኔት

ቶሩን ስለ ሥራዋ ስትናገር ድምጿን ዝቅ አታደርግም። ይህ በእኛ ደሴት እንደ ትልቅ ጉድለት ይቆጠራል። እዚህ ሱንሞሬ ውስጥ ሰው መርከብ ሠርቶ ባሕር ላይ ቢያወርድ እንኳ፣ «እንዴት ነው?» ሲሉት «ይንሳፈፋል መሰለኝ» ብሎ ያልፋል እንጂ ደረቱን አይነፋም። ቶሩን ግን በመርከብ መሥሪያው የኤሌክትሪክ ፓነል ትገጥማለች፤ ፓነሉን ዘግታ ቁልፉን ካዞረች በኋላ እጇን በሱሪዋ ትጠርግና «ይሄ እኔ ከሞትኩም በኋላ ይሠራል» ትላለች። አጠገቧ የቆመ ሰው በሷ ፈንታ አፍሮ መሬት መሬቱን ያያል። ይበልጥ የሚያናድደው እውነቷን መሆኑ ነው።

ማግኔትን ያወቀችው በልጅነቷ፣ አባቷን ልትገድል ደርሳ ነው። አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ከተሰበረ ሬዲዮ ውስጥ ክብ ማግኔት ፈልቅቃ አወጣችና፣ እንዳይጠፋባት ብላ ከጀልባው ኮምፓስ ሥር ለጠፈችው። በማግስቱ ጭጋግ ወረደ። አባትየው ኮምፓሱን አምኖ ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎት ወደ ዓለቱ ሄደ፤ ማዕበሉ ድንጋይ ሲመታ ሰምቶ ባይመለስ ኖሮ የጀልባዋ ስባሪ ነበር የሚመጣልን። ቤት ሲገባ አልመታትም። ማግኔቱን መዳፏ ላይ አስቀመጠላትና «ይሄ ነገር አይጮህም፣ አያጨስም፣ አይሸትም። ዝም ብሎ ነው የሚያሳስተው። የት እንዳስቀመጥሽው ሁልጊዜ እወቂ» አላት። ከዚያ ወዲያ ድንችና ዓሣው ቀረበ፤ ነገሩም ዳግመኛ አልተነሳም። ቶሩን ግን አንድም ቀን አልረሳችውም።

ድሪል መጥላት የጀመረችው ደግሞ ሥራ ስትለማመድ ነው። አንድ የዓሣ መርከብ ላይ ፓነሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ትንሽ የሙቀት መለኪያ ይጨመርበት ተባለ። የሥራ ባልደረባዋ ድሪሉን አንስቶ የፓነሉን ጎን በሳ። የብረቱን ፍቅፋቂ ጠረገ፣ ነፋ፣ ደግሞ ጠረገ፣ ጨርሻለሁ አለ። ኃይሉ ሲለቀቅ አንዲት ያልታየች ቅንጣት ሾርት አደረገችና የሰውየው ቅንድብ ተቃጠለ። ቅንድቡ መልሶ በቀለ። ቶሩን ግን ያለቀ ፓነል ፊት ድሪል ይዞ የሚቆም ሰው ስታይ እስከ ዛሬ ደሟ ይፈላል።

«የፓነሉ ግድግዳ ብረት አይደለም እንዴ?» አለች ለአለቃዋ፣ የሙያ ወረቀቷን በያዘች ሰሞን። «ብረት ከሆነ ለምን ይበሳል? ማግኔት ይያዘዋ!»

«ማግኔት የፍሪጅ ላይ ሥዕል ነው የሚይዘው» አላት።

«የኔን ማግኔት አላየኸውማ!»

ዘዴዋ ሲነገር ቀላል ነው። ከባዱ ዕቃና ዋናው ኃይል የሚያልፍበት ሁሉ እንደ ድሮው በብሎን ይታሰራል፤ እዚያ ላይ ቶሩን ቀልድ አታውቅም። ትንንሹ ነገር፣ የሙቀት መለኪያው፣ የውስጥ መብራቱ፣ የሽቦው መያዣ፣ እሱ ነው በማግኔት የሚለጠፈው። ማግኔቱም ራቁቱን አይገባም። ራቁት ማግኔት ራሱ ብረት ነው፤ ከወደቀ ሾርት ያደርጋል፤ ስለዚህ ጎማ ይለብሳል። ሙቀት ጉልበቱን ስለሚበላው ሙቅ ዕቃ አጠገብ አይጠጋም። የፓነሉ በር መዘጋት አለመዘጋቱን የሚያውቀው ማብሪያ ራሱ በማግኔት የሚሠራ ስለሆነ፣ እዚያ አካባቢ ጭራሽ አይደርስም፤ በሩ ተከፍቶ ሳለ ተዘግቷል ብሎ እንዲዋሽ አትፈልግም። ከበያጆቹ አንዱ ደረቱ ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ ተገጥሞለታል፤ ለሱ ስትል በጠረጴዛዋ ዙሪያ ቢጫ መስመር አስምራለች። አንድ ቀን ረስቶ ሊያልፍ ሲል «አንተ! ልብህን ነው የምሰርቅህ!» ብላ ጮኸችበት፤ ሰውየው ሚስቱ ፊት ሳይቀር ይህን ደጋግሞ ያወራል።

እያንዳንዱ ማግኔት ከመግባቱ በፊት ይጎተታል። የምትጎትተው በአባቷ የዓሣ መመዘኛ ነው። መንጠቆውን ማግኔቱ ላይ ታስገባና እስኪለቅ ድረስ ትስባለች፤ የሚገባውን ያህል ሳይይዝ የለቀቀ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ማግኔትና አንድ አጭር ማሰሪያ ትሰጠዋለች። ለምን ሁለት ሲሏት መልሷ አንድ ነው፤ «አንዱ ክብደቱን ይይዛል፣ ሌላው ባሕሩን።» ወደብ ላይ ለቆመ መርከብ አንዱ ይበቃል። መርከብ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይናወጣል፣ ከወደቡ እንጨት ጋር ይጋጫል። ሁለቱም ቢለቁ ማሰሪያው አጭር ስለሆነ ዕቃው ኃይል ያለበት መዳብ ጋ ሳይደርስ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

አለቃዋ መጀመሪያ አንድ ፓነል ፈቀደላት፣ ቀጥሎ አንድ መርከብ። ከዚያ በወሽመጡ ላይ መኪናና ሰው የሚያሻግረው ድርጅት በባትሪ የሚሄዱ መርከቦች ሲያሠራ፣ የሁሉም ፓነል በቶሩን እጅ አለፈ። ቶሩን ባሕሩ ዳር ቆማ አንዱ መርከብ ሲያልፍ ባየች ቁጥር ውስጡ የት የት ምን እንደለጠፈች ታውቃለች፤ ይህ ደስታዋ ነው፣ አትደብቀውም።

ችግሩ የመጣው ከባሕር አይደለም፤ ከእኛ ነው። እኛ የሱንሞሬ ሰዎች «ትርፍ» የሚባል ነገር ሥራ ፈቶ ተቀምጦ ማየት አንችልም። ዳቦ የጠቀለልንበትን ወረቀት አጥፈን ለነገ እንይዛለን። የተረፈው ድንች ለራት ይጠበሳል። የሞቀ ነገር ካለ የረጠበ ነገር ሳይሰጣበት አያድርም። የቀረው የአገሩ ሰው በንፉግነታችን ይስቅብናል፤ እኛም ሳቁ በነጻ ስለሆነ እንቀበላለን። ከደሴቱ ሁሉ ደግሞ በዚህ የቶሩንን ታላቅ ወንድም አስላክን የሚያክለው የለም።

አስላክ ሄግሬ በምትባለው አሻጋሪ መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ሠራተኛ ነው፤ ጡረታው ደርሷል። ነገር በሆዱ የሚይዝ፣ ጃኬቱን ከጥገናው ለይቶ ማወቅ የሚያስቸግር፣ ደግ ሰው ነው። አባታቸው ሲሞት ቶሩንን ከደመወዙ ከፍሎ ሙያ ያስተማራት እሱ ነው፤ ለዚህም አንድ ቀን አመስግኚኝ ብሎ አያውቅም። ባለፈው ገና ቶሩን ወፍራም የሱፍ ጓንት ሠራችለት፣ ጣቶቹ አብረው የሚገቡበት፣ አውራ ጣቱ ብቻ ለብቻው የሆነ፣ ባሕረኛ የሚያደርገውን ዓይነት። ግራጫው ክር የግራው አውራ ጣት ላይ ሲደርስ አለቀባት። እሷም የዚሁ አገር ልጅ ናትና ለአንድ አውራ ጣት ብላ አዲስ ክር አልገዛችም፤ ከቤት በተገኘ ሰናፍጭ በመሰለ ቢጫ ክር ጨረሰችው። አስላክ ጓንቱን አገላብጦ አየና «ቀኙን ከግራው ለመለየት ጥሩ ነው» አለ። በሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

በመጋቢት ወር፣ ንፋስ ባለበት ቀን፣ ሄግሬ ወሽመጡ መሐል ላይ ድንገት ጨለመች። መኪና ነጂው፣ ተሳፋሪው፣ የዓሣ መኖ የጫነው ከባድ መኪና፣ ሁሉም ፀጥ ባለ መርከብ ላይ ወደ ዓለቶቹ መንሳፈፍ ጀመሩ። ካፒቴኗ መልሕቅ ጥላ መርከቡን አቆመችና ሁለት የዓሣ ጀልባዎች መጥተው ጎትተው አስገቡት። ማንም አልተጎዳም። ተሳፋሪው ሲወርድ ያማረረው ምጣዱ ስለቀዘቀዘ ስቬለ ሳንበላ ቀረን ብሎ ነው፤ ያለዚያ ወፍራም ጣፋጭ ቂጣ ወሽመጥ መሻገር እኛ ዘንድ መሻገር አይደለም። ዓለቱ ግን ቅርብ ነበር። ያየው ሁሉ ያውቃል።

ከሁለት ቀን በኋላ የመርከቡ ድርጅት መሐንዲስ ዳግፊን አንድ ላስቲክ ከረጢት ይዞ የቶሩን ጠረጴዛ ጋ መጣ። ከአገራችን ምሥራቅ ክፍል የመጣ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ያልጨረሰውን አይናገርም። ቢጫው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ልግባ?»

«ልብህ ጤነኛ ከሆነ ግባ።»

ከረጢቱን ዘርግፎ አሳያት። የሙቀት መለኪያው ሳጥን ነበር፣ ጥጉ ጠቁሯል። አንዱ ማግኔት ከጀርባው እንደተለጠፈ ነው። ሌላው ለብቻው ተገኝቷል። የማሰሪያው ቁራጭም አለ።

«ሳጥኑ ወድቆ በሽቦው ተንጠልጥሎ ነው ያገኘሁት» አለ ዳግፊን። «መዳቡን ነክቶ ሾርት አድርጓል። አንደኛው ማግኔት ፓነሉ ወለል ላይ ነበር። ማሰሪያው ተበጥሷል። ቶሩን፣ አልጨክንብሽም፣ ግን የማየው ማግኔቶቹ እንደለቀቁ ነው።»

«የኔ ማግኔት አይለቅም።»

«ይህን ሁሉም ሰው ስለ ሥራው ይላል።»

«አይልም! እዚህ አገር ማንም አይልም፣ እኔ ብቻ ነኝ የምለው፤ ጠይቅ!»

ዳግፊን ፈገግ አለ፣ ግን ነገሩን አልተወም። «አርብ ሄግሬ ላይ እንሰበሰባለን፣ የሞተር ክፍሎቹ ሠራተኞችም ይኖራሉ። እስከዚያ ለምን እንደወደቀ ካሳየሽኝ እሰማለሁ። ካልሆነ ከሁሉም መርከብ ማግኔቶችሽ ይነሱና በብሎን ይታሰራል። ሰው የጫነ መርከብ ነው። በመሰለኝ አልተወውም።»

እሱ ትክክል ነበር፤ እሷም በሱ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ትል ነበር። ማንሳት ማለት ደግሞ በሁሉም መርከብ ያለቀ ፓነል ድሪል ይገባበታል ማለት ነው፤ የብረት ፍቅፋቂ በሁሉም ውስጥ። ዕድሜዋን ሙሉ የሸሸችው ነገር በገዛ ስሟ ሊመጣ ነው።

ዳግፊን ሲሄድ የዓሣ መመዘኛውን አውርዳ ለብቻው የተገኘውን ማግኔት ጎተተችው። ያኔ ስትገጥመው የያዘውን ያህል አሁንም ያዘ። ሌላውንም ጎተተችው፤ ያው ነው። ማሰሪያውን መብራት ሥር አየችው። የተበጠሰ ነገር ጫፉ ይፈተላል፤ ይህ ጫፉ እንደ አይብ ልሙጥ ነው። በቢላ ነው የተቆረጠው። ማግኔቱ ከሳጥኑ ጋር የሚያያዝባት ትንሿ ብሎንም አልተሰበረችም፤ በጣት ተፈትታ ነው። በጣት እንድትፈታ ያደረገቻት ቶሩን ራሷ ናት፣ ጠጋኞች እንዳይቸገሩ ብላ።

ከዚያ የማግኔቱን ጎማ ዙሪያውን በጥፍሯ ስታስስ፣ ጠርዙ ላይ ጭፍርር ያለ ነገር አገኘች። በሁለት ጣቷ መዝዛ አወጣችው። ሱፍ ነው። እርጥብ ሆኖ የደረቀ፣ የበግ ሽታ ያለው ግራጫ ሱፍ። ከሥሩ ደግሞ አንዲት ሰናፍጭ የመሰለች ቢጫ ክር ነበረች።

ቶሩን ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነው። ቀጥሎ ግን ዓለቱ ትዝ አላት፣ የአስላክ ጡረታ ትዝ አላት፣ ያኔ ሙያ እንድትማር ደመወዙን የሰጣት ወንድሟ ትዝ አላት። «አንተ የተረገምክ ቋጣሪ» አለች፣ ለባዶ ክፍል።

ወንድሟን የምትጠይቀው እሑድ ነው፤ ይህ ግን ተራ ሐሙስ ነው፤ ከሥራ በቀጥታ ወደ አስላክ የጀልባ ቤት ሄደች። አስላክ መረቡን እየጠገነ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

«ቡና አለ» አለ።

«ቡና አልፈልግም። ጓንትህ የታለ?»

«የትኛው ጓንት?»

«ስንት ጓንት አለህ አንተ? የሠራሁልህ!»

አስላክ መረቡን ትኩር ብሎ አየው፤ እንደ ዛሬ መረብ አይቶ የማያውቅ ይመስል። ቶሩን ቢጫዋን ክር ከወረቀት ውስጥ አውጥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። አስላክ ክሯን በሁለት ጣቱ አነሳት፤ ውጭ የባሕር ወፎች እየተጣሉ ነበር።

«ፓነሉ ሙቅ ነው» አለ በመጨረሻ። «ቀኑን ሙሉ ይሞቃል። ሙቀቱ ማንንም ሳያሞቅ ይሄዳል።»

«እና ጓንት ሰቀልክበት?»

«በሩ ላይ፣ ከውስጥ። የሚይዘው ነገር ፈለግሁ። ሳጥኗ ደግሞ ሁለት ማግኔት አላት። አንዱን ሞከርኩት፣ ጥብቅ አድርጎ ይዟል። ሁለተኛው ዝም ብሎ ተቀምጧል።»

«ዝም ብሎ አልተቀመጠም! አንዱ ክብደቱን፣ ሌላው ባሕሩን! ለሰው ሁሉ ስናገር የት ነበርክ?»

«አንቺ ብዙ ትናገሪያለሽ» አለ፣ ክፋት በሌለው ድምፅ። «ማሰሪያውን የቆረጥኩት ማግኔቱን ስለያዘብኝ ነው። እቀጥለዋለሁ ብዬ ነበር። መርከቧ ከጨለመች በኋላ... በሩን ስከፍት ሳጥኗ ተንጠልጥላ አየሁ። ጓንቱን ነጥቄ ኪሴ ከተትኩ፣ ማግኔቱ ወለል ላይ ወደቀ፣ ተውኩት።» እጁን ፊቱ ላይ አሻሸ። «ዓለቱን አይተሽዋል፣ ቶሩን? ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን እሱ ነው የሚታየኝ።»

እንዲህ ሲሰበር አይታው አታውቅም፤ አንጀቷን በላት። ልትቀመጥና እጁን ልትይዝ ፈለገች። ግን እኛ ዘንድ እንደዚያ አይደረግም፣ ስለዚህ የመረቡን አንድ ጫፍ ያዘችለት።

«ስማኝ፣ ነገ ምን እንደሆነ እናገራለሁ» አለችው። «ማግኔቱ አልለቀቀም፣ ሰው ነው የወሰደው እላለሁ፣ ማሰሪያውንም አሳያለሁ። ማን እንደሆነ ግን አልናገርም። እሱ ያንተ ነው።»

አስላክ ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ይሁን እምቢ፣ ከርሱ ጋር ያደገች እህቱ እንኳ አላወቀችም።

አርብ በሄግሬ የምግብ ክፍል ተሰበሰቡ። ዳግፊን ነበር፣ ካፒቴኗ ነበረች፣ የቶሩን አለቃ ነበር፣ የመርከቦቹ የሞተር ክፍል ሠራተኞች ከኋላ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አስላክ ከሁሉም ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ቶሩን የዓሣ መመዘኛዋን ይዛ ተነሳች።

«እዩ» አለች፤ ማግኔቱን የብረት ምሰሶው ላይ ለጥፋ ጎተተችው። የመመዘኛው መርፌ እየሄደ እየሄደ ከሚፈለገው ላይ ደረሰ፤ ማግኔቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። «ይሄ ወለል ላይ የተገኘው ነው። ይሄ ባሕር ፈርቶ ይለቃል?» ቀጥላ ማሰሪያውን ሰጠቻቸው፤ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ካፒቴኗ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችና «ቢላ ነው» አለች።

ዳግፊን ማግኔቱን ራሱ ጎተተ፣ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ። ከዚያ ተቀመጠ። «እሺ። አልለቀቀም። አንዱ ተወስዶ አንዱ ብቻውን ቀርቷል፣ አንዱ ደግሞ መናወጡን አልቻለም። እዚህ ድረስ ተስማማን። ማን ወሰደው? ለምን?»

«ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ማን እንደሆነ አልናገርም።»

«ቶሩን፣ እሱ አይበቃኝም። ሰውየው በሌለበት ይሄ ታሪክ ነው። ነገ ሌላ መርከብ ላይ ሌላ ሰው ሌላ ምክንያት ቢኖረውስ? ከሰውየው አፍ መስማት አለብኝ። ካልሆነ ማግኔቶቹ ይነሳሉ።»

ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን ማየት ጀመረ። ቶሩን ወደ በሩ አልዞረችም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንድ ነገር እርግጠኛ አልነበረችም፤ ያም ነገር ማግኔት አልነበረም። ሥራዋን ሁሉ በአንድ ቃል ማዳን ትችላለች፤ ቃሉ «አስላክ» ነው። ጥርሷን ነክሳ ቆመች።

«እንዲነሱ ከሆነ ይነሱ» አለች። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አለቃዋ ደንግጦ ቀና ብሎ አያት።

ከኋላ ወንበር ተንቋቋ። አስላክ በተቀመጡት መሐል እየተጋፋ መጣና ከኮቱ ኪስ ጓንቶቹን አውጥቶ ዳግፊን ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው። ቢጫው አውራ ጣት ወደ ጣሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እርጥብ ነበሩ» አለ። «ፓነሉ ሙቅ ነው። ሁለተኛው ማግኔት ትርፍ መሰለኝ።» ቀጥሎም «አልነበረም» ብሎ ጨመረ።

ዳግፊን ጓንቶቹን አየ፣ አስላክን አየ። ሊቆጣ እንደሆነ ሁሉም ጠብቋል፤ ደግሞም ተቆጣ። «ሰው ልትገድል ነበር!» አለው።

«አውቃለሁ።»

«ኃይል ያለበት ፓነል ውስጥ እርጥብ ጓንት! እርጥብ!»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ።»

ዳግፊን ረዘም ያለ ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ «ሌላም እዚያ ውስጥ ያደረቀ አለ?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሚያገኝ አልመሰለውም። ነገር ግን ከሌላ መርከብ የመጣ አንድ ሠራተኛ ጉሮሮውን ጠረገና «ካልሲ ብቻ» አለ። ከጎኑ ያለው «እኔ ኮፍያ፣ አንድ ጊዜ» አለ። «አንድ ጊዜ?» አለው ጎረቤቱ። «ክረምቱን» አለ ያኛው። ካፒቴኗ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ መስኮቱ ዞረች።

«ጉድ ነው» አለ ዳግፊን፣ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ። ከዚያ ለቶሩን፣ «ባሕሩን አሸንፈሻል። የአገርሽን ሰው ግን አላሰብሽውም። በጣት የሚፈታ ነገር፣ እዚህ አገር፣ ይፈታል። ያለ ካቻቢቴ እንዳይፈታ አድርጊው።»

ቶሩን መመዘኛዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እውነቱን ነው። ማግኔቱን ከሙቀት፣ ከመዳብ፣ ከበር ማብሪያ፣ ከሰው ልብ አርቃዋለች፤ ከወንድሟ እጅ ግን አላራቀችውም። «አደርገዋለሁ» አለች። «እንዲያውም ካቻቢቴ ይዞ የሚመጣም ያስብበታል።» ድምጿ ተመልሶ ነበር።

አስላክ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ለጥቂት ሳምንታትም ከሞተር ክፍል ተነስቶ የመኪና መደርደር ሥራ ላይ ተመደበ። አላጉረመረመም። ማግኔቶቹ በየቦታቸው ቀሩ። ቶሩን ብሎኖቹን ቀየረች፣ በላያቸውም ክዳን አደረገች፤ ዳግፊን የክዳኑን ንድፍ ራሱ አይቶ አንድ ቦታ አስተካከለላት፣ እሷም ማስተካከሉ ጥሩ መሆኑን በግድ አመነች።

ግን ክዳኑ ብቻ በቂ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። ሰው የሚደርቅ ነገር ካለው የሚያደርቅበት ይፈልጋል፤ ከከለከሉት ሌላ ሙቅ ቦታ ያገኛል፣ ያም ቦታ የባሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሞተር ክፍሉ ውጭ፣ የሞቀ አየር በሚወጣበት ቱቦ አጠገብ፣ ኃይል በማይደርስበት የብረት ግድግዳ ላይ ለጓንት መስቀያ የሚሆኑ ማግኔቶች ለጠፈች፤ ጎማ የለበሱ፣ በመመዘኛ የተጎተቱ፣ መንጠቆ ያላቸው። ዳግፊን በሁሉም መርከብ እንዲደረግ ፈርሞ ፈቀደ።

አስላክ ወደ ሞተር ክፍሉ በተመለሰ ቀን ቶሩን ሄግሬ ላይ ወጣች። ከላይ የስቬለ ሽታ ይመጣል። አስላክ ጓንቱ ረጥቦ ከመርከቡ ፊት መጥቶ መስቀያዎቹ ፊት ቆመ። አንዱን ማግኔት በጣቱ ገፋው፤ አልተንቀሳቀሰም። ሁለተኛውን አየው፣ አሁንም አየው። ቶሩን ወንድሟን ታውቀዋለችና እየጠበቀች ነበር።

«ሁለት ለምን?» አለ አስላክ። «አንዱ ይበቃ ነበር።»

«እጅህ ስንት ነው?» አለችው።

አስላክ አሰበበት። ከዚያ ግራጫውን ጓንት አንዱ ላይ ሰቀለ፣ ቢጫ አውራ ጣት ያለውን ደግሞ ሁለተኛው ላይ።